በሩን ያስረሳሁበት ምክንያት

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12
ከሱቄ፣ ከምሳ በኋላ

ለሲስተር፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ብሎ ቢጠራሽም መጀመሪያ ለጠራሁሽ ለእኔዋ ሲስተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትሽን እጠይቃለሁ። ነርስን «ጤናሽ እንዴት ነው?» ማለት ቁልፍ ሠሪን «በርህ ተቆልፏል ወይ?» እንደማለት ነው ትዪኝ ይሆናል። ቆይተሽ እንደምትረጂው የእኔ በር ተቆልፎ አልነበረም። ስለዚህ አንቺም ግፊትሽን ተለኪ።

እናትሽ ደህና ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጉልበታቸው ይይዛቸዋል እንጂ ይበላሉ፣ ሬዲዮ ይሰማሉ፣ እኔን ይቆጣሉ። ትተሽልኝ የሄድሽው፣ ቀን የተጻፈበት የመድኃኒት ሳጥን አንድ ቀን አልተዛነፈም። ታናሽ እህትሽ እሁድ እሁድ እየመጣች ፀጉራቸውን ትሠራላቸዋለች፤ እግረ መንገዷንም ማድ ቤቱን ትመረምራለች። ድስት አቀማመጤ እስካሁን አላማራትም።

ሰኞ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። «መኪናውን በወሩ መጨረሻ ልሸጠው ነው። የማላውቀው ችግር ካለበት ንገረኝ።» ሁለት መስመር ናት፤ እኔ ግን አሥር ጊዜ አነበብኳት። ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼም ነበር። ግን እኔና አንቺ ስልክ ላይ እንዴት እንደምናወራ ታውቂዋለሽ። አንቺ «እሺ» ትያለሽ፣ እኔ «እሺ» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ሌላው እስኪዘጋ እንጠብቃለን። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል ብዬ በደንበኞች መካከል እየተቀመጥኩ ይኸው እጽፋለሁ።

መኪናው ችግር የለበትም። ሞተሩም ፍሬኑም ደህና ነው። ችግሩ ያለው በውስጡ ስፖኪዮ ላይ ነው፤ ከመስታወቱ ሥር ባሉት በሦስቱ ትንንሽ ቁልፎች ላይ። እሱን ለማስረዳት ከጋራዣችን በር መጀመር አለብኝና ታገሺኝ።

የዛሬ ወር ገደማ፣ አንድ ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እናትሽ ሱቅ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ልጅነት ልጅነት ይሸት ነበር።

«ልጄ መጣች!» አሉኝ።

«የት ናት?»

«የጋራዡ በር ተከፈተ። ሞተሩን ስሰማ እየሮጥኩ ወጣሁ።»

«እየሮጡ?»

«በዱላዬ እየሮጥኩ! ምነው፣ አልሮጥም?»

«እሺ፣ እና አሁን የት አለች?»

ዱላቸው ወደ ደጅ ሲንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «መኪና እንኳ የለም» አሉ። «በሩ ግን ተከፍቷል።»

የመብራት መዋዠቅ ነው ብዬ አጽናናኋቸው። ዓርብ ዕለት ደግሞ ተከፈተ። ሰኞም ተከፈተ፤ ሰዓቱ ያው ሰባት ተኩል። ሰኞ ዕለት እናትሽ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ጥሩ ጫማቸውን አድርገው ነበር የጠበቁት።

በሠላሳ አራት ዓመት ሥራዬ ብዙ ዓይነት በር አይቻለሁ። የዛገ አይቻለሁ፣ የተጣመመ አይቻለሁ፣ ቁልፍ ሰብሮ ውስጡ ያስቀረ አይቻለሁ። ሰዓት አክብሮ ራሱን የሚከፍት በር ግን አይቼ አላውቅም። ረቡዕ ዕለት ሱቄን ዘጋሁና ከቤታችን አለፍ ብሎ ያለው መስቀለኛ መንገድ ጋ ሄጄ ቆምኩ። አዎ፣ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ሱቄን ዘጋሁ። ወንበር ይዘሽ አንብቢ።

ሰባት ተኩል ሲሆን ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የገዛ መኪናዬ! አሮጌዋን መኪናዬን በታኅሣሥ መሸጤን እህትሽ ሳትነግርሽ አትቀርም። ዐይኔ ደከም ስላለ ለደላላ ሰጠኋት፤ ደላላው ሦስት ሳምንት ግቢው አቁሟት ለሌላ ሰው ሸጣት። እና ያቺው መኪናዬ መጥታ መስቀለኛው ላይ ቆመች። ሹፌሩ ተራውን እየጠበቀ እጁን ወደ ስፖኪዮው ሰደደ፣ አንዷን ቁልፍ ጫን አደረገ። ከኋላው፣ በግራ በኩል፣ የእኛ ጋራዥ በር እያጉረመረመ ተነሣ። ሰውየው ዞርም አላለ።

መስኮቱን አንኳኳሁ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ አሁን ከላይ የነኩት ምንድን ነው?»

«ይቺን? እኔ እንጃ» አለ። «ምን እንደምትሠራ አላውቅም፤ ትንሽ መብራት ታበራለች። እዚህ ጋ ስቆም እነካካታለሁ፣ እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«የምትሠራውን ላሳይዎ?» አልኩና ጠቆምኩት።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናትሽ በጥሩ ጫማቸው መሐል ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መንገዱን ይቃኛሉ። ሰውየው የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ከሰዓት የሚያስተምረው ከእኛ ሰፈር አልፎ ነው። እንዴት እንደ ደነገጠ አትጠይቂኝ። ወርዶ እናትሽን እጅ ነሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸውም «ችግር የለም ልጄ፣ ጠጋ ብለህ አቁም» አሉት፤ ዐይናቸው ግን እሱን አልፎ መንገዱ ላይ ነበር።

እኔ ግን አፈርኩ። መኪናዋን ስሸጥ ውሉ ላይ «ከሁለት ቁልፍ ጋር» ብዬ በእጄ ጽፌ ፈርሜአለሁ። ሁለቱን የሞተር ቁልፎች ቆጥሬ አስረከብኩ፣ የቤቴን ቁልፍ ከማንጠልጠያው ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ፣ ጨረስኩ አልኩ። ሌላ ሰው ቢሳሳት ይሁን፤ እኔ ቁልፍ ሠሪው! ጥፋቱ ግን የቋንቋችንም ነው። የሚሰኩትም ቁልፍ፣ የሚጫኑትም ቁልፍ፣ የሸሚዙም ቁልፍ። ሰው እንዴት ቆጥሮ ይጨርሰዋል?

በሳምንቱ የበር ሞተር የምትገጥም ባለሙያ አስመጣሁ። መነጽሯን ጭንቅላቷ ላይ ሰክታ መሰላል ተሸክማ የምትዞር፣ የምትናገረውን የምታውቅ ሴት ናት። የሆነውን ስነግራት አልሳቀችብኝም።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ነው የሚሳሳተው» አለችኝ። «የፊት በሩን በሦስት ቁልፍ ይቆልፍና የጋራዡን መክፈቻ መኪናው ላይ ትቶት መኪናውን ለእጥበት ይሰጣል፣ ለጥገና ይሰጣል፣ መንገድ ዳር ያሳድራል። መሳቢያው ውስጥ ደግሞ ሊብሬው አለ፣ ሊብሬው ላይ አድራሻ አለ። መክፈቻና አድራሻ አንድ ላይ! ሌባ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል፣ ሻይ እንዲፈላለት ነው?»

ባለፈው ዓመት በር የገጠመችላቸው አንድ የጥርስ ሐኪም ነበሩ አለች። መኪናቸው ገበያ ላይ ቆሞ ተሰረቀ። እሳቸው ፖሊስ ጣቢያ ቃል እየሰጡ ሳለ ሌቦቹ አድራሻውን ከሊብሬው አንብበው፣ ቁልፏን ተጭነው ጋራዥ ገቡና በሩን መልሰው ዘጉት። ከጋራዥ ወደ ሳሎን የሚያስገባው በር አልተቆለፈም፤ የማን ይቆለፋል? ቤቱን በእርጋታ ጠረጉት። ጎረቤት እያየ ነበር። መኪናው የሐኪሙ ነው፣ በሩም እሺ ብሎ ተከፍቷል፤ «ሐኪሙ ዛሬ በጊዜ ገቡ» ብሎ ዝም አለ።

ይኼን ስትነግረኝ የእናትሽ ክፍል ከጋራዡ ቀጥሎ መሆኑ ትዝ አለኝ።

እነሱ ሙያ ውስጥ በሩ አንድን መኪና እንዲያውቅ ማድረግ «ማስተማር» ይባላል። ከአእምሮው መደምሰስ ደግሞ «ማስረሳት»። አስተማሪው መኪናውን ይዞ መጣና ስፖኪዮው ላይ ያለውን አጠፋችለት። እኔ አበቃ ብዬ ስነሣ፣

«ትንሿ የእጅ ሪሞትስ የት አለች?» አለችኝ።

ያኔ ነው ትዝ ያለችኝ። መኪናዋን ስሸጥ በሯ ኪስ ውስጥ ነበረች። አስተማሪው አላየሁም ብሎ ማለ፤ አምነዋለሁ። ደላላው ጋ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ስንት ሰው ገብቶ ወጥቶባታል፤ እኔ ምን አውቄ» አለኝ። ሊብሬው ደግሞ በእኔ ስምና በእኛ አድራሻ እሱ ጋ ሦስት ሳምንት ተቀምጧል። የሆነ ሰው የቤታችንን በር ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ይሆናል ማለት ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ማለት ይኼ ነው፤ ውሻው ደግሞ እኔ።

«እንግዲያው በሩን ማስረሳት ነው» አለች ባለሙያዋ።

«ሪሞቷን ብቻ ማስረሳት ይቻላል?»

«ይሄ ሞተር አሮጌ ነው ጋሼ፣ መርጦ አይረሳም። ከረሳ ሁሉንም ነው። ሌላ የሚያውቀው መኪና አለ?»

«የባለቤቴ አለ።»

«ታዲያ ምን ቸገረን? ማታ ስትገባ እንደገና ታስተምሩታላችሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ መኪናው እዚህ በሩ ሥር ይቁም እንጂ።»

ምን ልበላት? «ሥራ በዝቶባት ነው፣ ሰሞኑን ትቆያለች» አልኳት። ሌላ ቀን እደውልልሻለሁ ብዬም ሸኘኋት።

እንግዲህ በስልክ ልነግርሽ የማልችለው ከዚህ የሚጀምረው ነው።

የሄድሽ ዕለት ያልኩሽን አልረሳሁትም። ሆስፒታሉ የነርሶች ኃላፊ አድርጎ ሲቀጥርሽ ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለሽ፤ እኔ ብቻ ተነፋሁ። «እናትሽንና ቤትሽን ጥለሽ» አልኩሽ። እናትሽ ራሳቸው ሂጂ እያሉሽ! አንቺ ለሁለት ዓመት ነው፣ አብረን እንሂድ፣ ቁልፍ እዚያም ይሰበራል አልሽኝ። እኔ ግን ሱቄን አልኩ። ሃያ ዓመት አብረን ስንበላ ካንቺ ይልቅ ከደንበኞቼ ጋር ብዙ እንዳወራሁ የነገርሽኝም ያኔ ነው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ አልሽኝ። እውነት ስለ ነበር ተናደድኩና «ከሄድሽ ቁልፍሽን አስቀምጠሽ ሂጂ» አልኩሽ። በዕድሜዬ ሙሉ ለሰው ቁልፍ እየሰጠሁ የኖርኩት ሰውዬ፣ ቁልፍ የተቀበልኩት ካንቺ ብቻ ነው።

አንቺም ቁልፎችሽን አወጣሽ። ሦስቱንም ከማንጠልጠያው ፈትተሽ ጠረጴዛው ላይ ደረደርሻቸው። መኪናሽን አስነሥተሽ ወጣሽ። እኔ ቁልፎችሽን ጨብጬ ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ነበር። መንገዱ ላይ ደርሰሽ፣ እንደ ልማድሽ፣ ያቺን የስፖኪዮ ቁልፍ ተጫንሽና በሩ በፊቴ ቀስ ብሎ ወረደ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሁሉንም ቁልፍ አልመለስሽም። አንድ ቀርቶሻል። አንቺም አላሰብሽውም፤ እጅሽ በልማድ ነው የሠራው። ግን ደስ አለኝ፣ ሲስተር። ጨለማው ውስጥ ቆሜ ደስ አለኝ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ለማንም ሳልናገር በዚያ አንድ ቁልፍ ተጽናንቼ ኖርኩ። ስትፈልጊ ሳታስፈቅጂኝ መግባት ትችያለሽ ብዬ። ይቅርታ ጠይቄሽ ቢሆን ይቀል ነበር፤ እኔ ግን በሩ ይጠይቅልኝ ብዬ ተውኩት።

ለዚህ ነው ባለሙያዋን የመለስኳት። ደግሞ ከዚህ የባሰውን ልንገርሽ። ለጊዜው በሩን ከውስጥ በብረት መቀርቀሪያ መያዝ ይቻል ነበር፤ ለእኔ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። አላደረግኩትም። መቀርቀሪያ ካስገባሁ አንቺም አትከፍቺውማ። ለዚህ ስል የማላውቀው ሰው እናትሽ ክፍል ድረስ ሰተት ብሎ የሚገባበትን በር ሁለት ሳምንት እንዲሁ ተውኩት። በዚህ ልትቆጪኝ ይገባሻል፤ እኔም ራሴን ተቆጥቻለሁ።

እናትሽ ደግሞ የአስተማሪው ነገር ከተጣራ በኋላም ሰባት ሰዓት ሲሆን ወንበራቸውን ጋራዥ ውስጥ አውጥተው መቀመጥ ጀመሩ። «እማዬ፣ አስተማሪው እኮ ነበር፣ ነግሬዎታለሁ» አልኳቸው። «ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም» አሉ። «ግን በሩ ሲከፈት ደስ ይላል።» ባዶ ጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ላይ አፍጥጠው፣ ብቻቸውን። እዚያ በር ሥር የሚገባው አንቺ ሳትሆኚ ያቺን ሪሞት የያዘው ቢሆንስ? ሰኞ መልእክትሽ የመጣው ይኼን ሳብሰለስል ነው። ልትሸጪው መሆኑን ሳነብ፣ የምጠብቅልሽ ቁልፍ በወሩ መጨረሻ የሌላ ሰው እንደሚሆን ገባኝ።

ሐሙስ ባለሙያዋን ጠራኋት። መሰላሉ ላይ እኔው ወጣሁ። ሞተሩ ጎን ላይ አንዲት ቢጫ ቁልፍ አለች፤ መብራቷ እስኪጠፋ አሥር ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው። አሥር ሰከንድ እንደዚያ ሲረዝም አይቼ አላውቅም።

«አጠፉ?» አለችኝ ከታች።

«አጠፋሁ» አልኳት።

እናትሽ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሁሉንም ያያሉ። ባለሙያዋ እንደ ሄደች፣ «እና እሷ ስትመጣ በምን ትገባለች?» አሉኝ።

«እኔ እከፍትላታለኋ፣ እማዬ።»

«አንተ?» አሉ። «አንተማ ሱቅ ነህ።»

ወንበራቸውን አንሥተው ገቡ።

ስለዚህ ይኼን እወቂልኝ። ድንገት ብትመጪና ቁልፏን ብትጫኛት በሩ አይከፈትም። ያኔ «ዳግመኛ ዘጋብኝ» እንዳትዪ። ያስረሳሁት ለእናትሽ ስል ነው እንጂ ባንቺ ላይ ልዘጋ ብዬ አይደለም። የጻፍኩት በሙሉ ለዚህች ለአንዷ ነገር ነው።

አሁን የመኪናሽን ጉዳይ ልጨርስ። የእኛ በር ረስቶሻል፤ ግን ሁለተኛዋን ቁልፍ አሁን የምትኖሪበትን ሕንፃ ጋራዥ አስተምረሻት ከሆነ፣ ገዢው አንቺ ካለሽበት ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ ከማስረከብሽ በፊት ስፖኪዮው ላይ ዳርና ዳር ያሉትን ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነሽ ያዢ፤ መብራቷ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም እስክትል፣ ሃያ ሰከንድ ገደማ። ከዚያ ልቀቂና እያንዳንዷን ሞክሪ። መሳቢያውን አራግፊ፤ የድሮ ደረሰኝ፣ የሐኪም ወረቀት፣ አድራሻ ያለበት ምንም ነገር አይቅር። የበር ኪሶቹንም እይ፤ እኔ ሳላይ ነው ጉድ የሆንኩት። ለደላላ ከሰጠሽ ደግሞ ሊብሬውን ቅጂውን እንጂ ዋናውን አትተዪለት።

ትናንት ሰው ለሚገባበት ለትንሹ በር አዲስ ጋን፣ ቁልፉ የሚሰካበትን ማለቴ ነው፣ ገጠምኩ። ቁልፉን በማሽን ሳይሆን በእጄ ሞረድኩት፤ እንደ ድሮው። አንድ ለእናትሽ፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ላንቺ። ያንቺን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልልከው ፖስታ ውስጥ ከትቼው ነበር። ከዚያ ጀርባው ላይ የቤታችንን አድራሻ ጽፌ ስጨርስ ራሴን ያዝኩ። መክፈቻና አድራሻ አንድ ላይ! መልሼ አወጣሁት።

እኔው ይዤው እመጣለሁ። ይኼ ደብዳቤ ረቡዕ ይደርስሻል፤ እኔ ሐሙስ ጠዋት ተሳፍሬ ዓርብ ከሰዓት እዚያ እሆናለሁ። እህትሽ እስክመለስ እናትሽ ዘንድ ታድራለች። ሱቁ ላይ «ከሐሙስ ጀምሮ የለም» የሚል ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ ደንበኞቼ ታሞ ነው እያሉ ነው። እንዳትመጣ ካልሽ ለእህትሽ ንገሪያት፤ አልቀየምም። ውሸቴን ነው፣ እቀየማለሁ፣ ግን አልመጣም። መኪናውንም እንዳትሸጪው ልለምንሽ አይደለም፤ መኪና መኪና ነው። ናፍቀሽኛል። ያጠፋሁትንም ፊትሽ ቆሜ እነግርሻለሁ።

እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ በእግሩ ይሂድ። እግርሽን እንቅፋት፣ ደጅሽን ክፉ አይንካው። እናትሽም «ልጄን ዐይኗን ያሳየኝ» ብለው መርቀዋል፤ ጉንጯን ሳምልኝ ብለውኛል፣ ያንን እንኳ አንቺው ፈቅደሽ ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት የተዘጋ በር በመሣሪያ ስከፍት ስለኖርኩ ማንኳኳት አልለመድኩም። ያንቺን አንኳኩቼ ውጭ እቆማለሁ። ቶሎ መክፈት የለብሽም። ዓርብ ዕለት ሌላ ሥራ የለኝም።

ባልሽ፣
ቁልፍ ሠሪው